ጣት፣ ክንድ፣ ሰውነቴ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወለ ሰው የለም። የእማዬ ስኳር ነው። ክንዷ ላይ የተለጠፈው ሴንሰር ስኳሯ ከ55 በታች ወረደ ሲል የእሷም የእኔም ስልክ አብረው ይጮሃሉ። ድምፁን ብናጠፋውም ይጮሃል። ስክሪኑን ሳየው 52 ይላል። አጠገቡ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አለ።

ብርድ ልብሱን ገፍፌ ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ግማሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ቀዳሁና ክፍሏ ገባሁ። እማዬ በግራ ጎኗ ተኝታለች። ጋቢዋን እስከ አገጯ ድረስ ስባዋለች። ግንባሯን ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። ላብ የሚባል ነገር የለም።

«እማዬ፣ ተነሺ። ስኳርሽ ወርዷል።»

«ማን ነው ወርዷል ያለው?»

«ማሽኑ።»

«እኔ ደህና ነኝ። አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።»

ብርጭቆውን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጥኩ። መብራቱን አበራሁና ጣቷን ወጋሁ። የደም ጠብታዋን የጣት መለኪያው ስትሪፕ ላይ አስነካሁና አምስት ሰከንድ ጠበቅን። 118።

ስልኩን አየሁ። አሁንም 52። የጣት መለኪያውን አየሁ። 118። እማዬን አየሁ። «መብራቱን አጥፊልኝ» ብላ ወደ ቀኝ ጎኗ ዞረች። እኔ ግን መተኛት አቃተኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ማየት ቀጠልኩ። 61 ሆነ። ቀጥሎ 78። ቀጥሎ 97። ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ 112 ገባ። አንዲት ጠብታ ጭማቂ አልጠጣችም። ያደረገችው ነገር ቢኖር ከክንዷ ላይ መነሳት ብቻ ነው። ሴንሰሩ የተለጠፈው ግራ ክንዷ ላይ ነበር። ተኝታበት ነበር።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። እማዬ ከደሴ ከመጣች ስምንት ዓመት ሆናት። ስኳር ከያዛት ሃያ ዓመት አልፏታል። ኢንሱሊን ትወስዳለች። ሴንሰር ያገኘችው በ2023 ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ላይ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ኢንሱሊን ለሚወስድ ስኳር ታማሚ ሁሉ ሴንሰር መሸፈን ጀመረ። ከዚያ በፊት የሚሸፍነው ኢንሱሊን በቀን ብዙ ጊዜ ለሚወጉት ነበር። ሴንሰሩ የተለጠፈላት ቀን ደስታዬን አልረሳውም። ከአሁን በኋላ መገመት ቀረ ብዬ ነበር። ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። ይህን ቁጥር ምን ያህል ልመነው? ማንበብ ጀመርኩ። ነርሷን ጠየቅኩ። ፋርማሲስቱን ጠየቅኩ። ከሁሉም በላይ ግን እማዬን ማየት ጀመርኩ።

ብዙ ሰው ሴንሰሩ ደም የሚለካ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ደም አይነካም። ከቆዳዋ ስር የሚገባው አንድ ቀጭን ክር ነው። ክሩ የሚያርፈው በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙ ከስኳሩ ጋር ሲገናኝ በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። ስኳሩ ሲበዛ ፍሰቱም ይበዛል። ስልኩ ላይ የምናየው ቁጥር ከዚያ ፍሰት ተሰልቶ የወጣ ግምት ነው። ሐሳቡ ከ1962 ጀምሮ አለ፤ ሊላንድ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ያመጣው ነው። የሚገርመው ከሐሳቡ እስከ እናቴ ክንድ 60 ዓመት መፍጀቱ ነው።

ሰው ተኝቶበት ክንዱ ሲጫን በዚያ ቦታ የደም ዝውውሩ ይቀንሳል። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ይወርዳል። ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ። ያየው ግን የእማዬን ስኳር ሳይሆን የተጫነውን የክንዷን ሥጋ ነበር።

ደምና ይህ ፈሳሽ ስኳራቸው እኩል የሚሆነው ነገሩ ሲረጋ ነው። ስኳሩ ሲሮጥ ግን ይለያያሉ። ለእማዬ ያስረዳኋት በድንች ወጥ ነው። ወጡ ላይ ጨው ስትጨምሪ መረቁ ወዲያው ጨው ጨው ይላል። ድንቹ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቶሎ አውጥተሽ ብትቀምሺው አልጫ ነው። በዛ ብለሽ ውኃ ብትጨምሪ ደግሞ መረቁ ይቀጥናል፤ ድንቹ ግን ጨዉን እንደያዘ ይቆያል። የጣት መለኪያው መረቁን ይቀምሳል። ሴንሰሩ ድንቹን ይቀምሳል። መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ነው። እማዬ አንድ ጊዜ ሰምታ ገባት። እኔ ግን በደንብ የገባኝ በስቅለት ዕለት ነው።

ስቅለት እንዴት እንደሚዋል ታውቁታላችሁ። እማዬ ለሃምሳ ዓመት ያላጎደለችው ቀን ነው። ሐኪሟ የጠዋቱን ኢንሱሊን ቀንሳላት ነበር። የንስሐ አባቷም «ቁርስሽን ብዪ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ፣ በተረፈው እግዚአብሔር ያውቃል» ብለዋታል። ቁርሷን ግን በሻይና በአንዲት ቁራሽ ዳቦ አለፈችው። ከዚያ ስግደቱ ጀመረ። ኪርያላይሶን እየተባለ ሰው ሁሉ ይወድቃል፣ ይነሳል። እኔ ከኋላዋ ነኝ። መጀመሪያ በጉልበቷ እየወረደች ሰገደች። ቀጥሎ ጎንበስ እያለች። ቀጥሎ ቆማ ቀረች።

ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ እየፈተለች ነው። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላብ አየሁ። አዳራሹ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ስልኩን አወጣሁ። 97፣ ቀስቱ ዘመም ብሎ ወደ ታች።

«97 ነው እማዬ። ደህና ነሽ።»

«አይደለሁም» አለችኝ። «ወርዷል። ዓይኔ ጭልም እያለብኝ ነው።»

እኔ ቁጥሩን አሳየኋት። ልትነሳ ሞከረችና ተመልሳ ተቀመጠች። ያኔ ነው ቦርሳዬን የከፈትኩት። ጣቷ 61 አለ።

አራት የግሉኮስ ከረሜላ ሰጠኋት። እያንዳንዷ 4 ግራም ናት። 15 ደቂቃ ጠበቅንና ደግሜ ወጋኋት። 88። ከንፈሯ ላይ ያለው ላብ ደርቋል። «አሁን አየሁ» አለች። በዚያች ደቂቃ ስልኩ ጮኸ። ሴንሰሩ 66 ነው ይላል። አጠገባችን ያሉት ሴትዮ ዞር ብለው አዩን። ስኳሯ ተነስቶ አልቆ ድንቹ ገና መውረዱን እየነገረን ነበር። ያን ማስጠንቀቂያ ብቻ ባምን ኖሮ ሌላ አራት ከረሜላ እሰጣት ነበር። ማታ ላይ ደግሞ ስኳሯ ለምን 280 ገባ ብለን እንጨነቃለን። ለወረደ ስኳር ጣፋጭ ከተወሰደ በኋላ በጣት መለካት እንደሚሻል የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው።

ያን ቀን ስልኩን አምኜ እናቴን አላመንኳትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ትክክለኛነት ስታነቡ ማርድ የሚባል ቁጥር ታገኛላችሁ። ሴንሰሩ ያለውን ከላቦራቶሪ ማሽን ውጤት ጋር ያስተያዩታል። ልዩነቱን በመቶኛ ያወጡና አማካዩን ይወስዳሉ። ሲያንስ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ሴንሰሮች 20 በመቶ አካባቢና ከዚያም በላይ ይስቱ ነበር። ዛሬ በአምራቾቹ በራሳቸው ጥናት ዴክስኮም ጂ6 የሚባለው ሴንሰር 9 በመቶ አካባቢ፣ ጂ7 8.2 በመቶ፣ ፍሪስታይል ሊብሬ 2 ደግሞ ከ9 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ይህ ትልቅ እድገት ነው።

ግን አማካይ ነው። 9 በመቶ ማለት ሁልጊዜ በ9 በመቶ ይስታል ማለት አይደለም። አንዳንዴ በ2 ይስታል፣ አንዳንዴ በ30። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 ለአዲሱ ትውልድ ሴንሰር መስፈርት ሲያወጣ ከ100 ንባብ ከ87 በላዩ ከእውነተኛው በ20 በመቶ ውስጥ መሆን አለበት አለ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በየ5 ደቂቃው የሚያነብ ሴንሰር በቀን 288 ቁጥር ይሰጣል። 13 በመቶው 37 ገደማ ነው። መስፈርቱ ዝቅተኛው ነው፣ ብዙዎቹም ይበልጡታል። ቢሆንም መስፈርቱን ያለፈ ሴንሰር እንኳ በቀን ጥቂት ጊዜ ከባድ ስህተት ሊያሳይ ይችላል። ለጥፎት ለሚውል ሰው ይህ ቢነገረው ደግ ነው። ለእኛ የነገረን አልነበረም።

ከሁሉም በላይ የረዳኝ አንድ የቆየ ሐሳብ ነው። በ1987 ዊልያም ክላርክና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሻርሎትስቪል፤ ከቤታችን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ። (ከሊላንድ ክላርክ ጋር ስማቸው ተገጣጠመ እንጂ ሰዎቹ ሌላ ናቸው።) እነሱ የጠየቁት ማሽኑ በስንት በመቶ ሳተ ብለው ብቻ አይደለም። ታማሚው ይህን ቁጥር አይቶ አንድ ነገር ቢያደርግ ምን ይደርስበታል? ብለው ጠየቁ። የማሽኑን ቁጥር ከእውነተኛው ጋር የሚያስተያየውን ግራፍ በአምስት ቀጠና ከፈሉት። አንደኛው ቀጠና ትክክለኛ እርምጃ የሚያስወስድ ነው። ሁለተኛው ቢስትም የማይጎዳ። ወደ ዳር ስትሄዱ ሳያስፈልግ የሚያስወጋ፣ ቀጥሎ አደጋውን የሚደብቅ፣ በመጨረሻ የወረደውን ወጥቷል፣ የወጣውን ወርዷል የሚያሰኝ።

ይህን ካየሁ በኋላ ሌላ ቁጥር አላስፈለገኝም። የእማዬ ስኳር 250 ሆኖ ሴንሰሩ 223 ቢል በ27 ሳተ። ያም ሆነ ይህ ከፍ ብሏል። ውኃ ትጠጣለች፣ ትንሽ ትራመዳለች፣ ሐኪሟ ያዘዘችላትን ታደርጋለች። ስኳሯ 58 ሆኖ 85 ቢል ግን ያው በ27 ነው የሳተው። ጸሎቷን አድርሳ ትተኛለች። ስህተቱ እኩል ነው። የሚያመጣው ጣጣ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ደብተር ገዛሁ። ተራ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ሰማያዊ። ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። እማዬ አርዕስቱን ራሷ ጻፈች። ጣት፣ ክንድ፣ ሰውነቴ። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ጣቷን ትወጋና ሦስቱንም ትሞላለች። ሦስተኛው ዓምድ ላይ የምትጽፈው አጭር ነው። ደህና። ደከመኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ርቦኛል። አንዳንዴ ደግሞ «ልጆቼ ናፈቁኝ»። እሱንም አልሰረዝኩም።

ደብተሩ ከየትኛውም ጽሑፍ በላይ አስተማረኝ። ስልሳ መስመር ሲሞላ ቁጭ ብዬ አስተያየሁት። ከቁርስ በፊት፣ ቀስቱ አግድም ሲሆን፣ ጣትና ክንድ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ውስጥ ናቸው። ከምግብ በኋላ 30፣ 40 ይራራቃሉ። አዲስ ሴንሰር በተለጠፈ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ነገሩ ሁሉ የተዘበራረቀ ነው። ነርሷ «ክሩ ሲገባ ቆዳው ይቆስላል፣ አንድ ቀን ስጪው» አለችኝ። አሁን ሴንሰር የምንቀይረው ጠዋት ነው። ማታ አንቀይርም። የመጀመሪያውን ቀን አደገኛ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ሆነን እንዳናሳልፈው።

ዲሴምበር ላይ እማዬን ጉንፋን ያዛት። ለአራት ቀን ክንድ የሚለው ከጣት በ40 ይበልጥ ነበር። በየቀኑ፣ ሳይዛነፍ፣ ወደ ላይ ብቻ። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብዬ ልነቅለው ነበር። ኩሽና ገብቼ ባጋጣሚ አንድ ጠርሙስ አየሁ። ቫይታሚን ሲ፣ አንዷ ፍሬ 1000 ሚሊ ግራም። ለጉንፋኑ ጥሩ ነው ብላ አንዲት ወዳጇ ያመጣችላት ነው። የሴንሰሩን መመሪያ አውጥቼ አነበብኩ። በቀን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ንባቡን ከፍ ሊያደርገው ይችላል ይላል። በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነው። ስኳሯ ከፍ ብሏል ብላ ኢንሱሊን ብትጨምርስ? ያቺን አስቤ ውስጤ ቀዘቀዘ።

የሚያስተው መድኃኒት እንደ ሴንሰሩ ዓይነት ይለያያል። ቀደም ያሉት ዴክስኮሞች በፓራሲታሞል ይታለሉ ነበር። አዲሶቹ በታዘዘው መጠን ይችሉታል። ለሲክል ሴል በሽታ የሚታዘዘው ሃይድሮክሲዩሪያ ግን እነሱንም ያስታል። ስለዚህ የያዛችሁትን ሴንሰር መመሪያ አንብቡ። በስልክ አጉልታችሁም ቢሆን።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር አለ። በኮሮና ጊዜ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ለጥቁር ሰው ይስታል ተብሎ ነበር፤ ይህስ? ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኦክስጅኑ መለኪያ ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ነው የሚያየው። የቆዳ ቀለም ስለዚህ ይገባበታል። የእማዬ ሴንሰር የሚሠራው ከቆዳ ስር ባለ ኬሚካል ነው። በብርሃን አያይም። ስለዚህ በዚያ መንገድ አይስትም። ቆዳ ሳይወጋ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓት ወይም ቀለበት ግን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በፌብሩዋሪ 2024 እንደዚያ ያለ አንድም ዕቃ እንዳልፈቀደ አስታውቆ ሰው እንዳይጠቀምበት አስጠንቅቋል። ለወላጆቻችሁ በስጦታ እንዳትልኩ እለምናችኋለሁ። አገር ቤት ያለ ሰው ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ያምናል። ያንን አምኖ ኢንሱሊን ይወጋል።

ጣትም ይሳሳታል። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ እስካሁን ጣቱን እንደ ዳኛ ስላወራሁት። አንድ እሑድ እማዬ ማንጎ ልጣ በላች። ከዚያ ጣቷን ወጋች። 289። ክንዷ 140 ይላል። ደነገጥን። ስልኩን ረገምኩት። እማዬ ግን እጇን አይታ ሄዳ በሳሙና ታጠበች። ደግማ ወጋች። 136። በጣቷ ላይ የቀረችው የማንጎ ጭማቂ ናት ስኳሩ። እኛ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን። ከመለካት በፊት መታጠብ ለእኛ የበለጠ ግዴታ ነው። ንጹሕ በሆነ እጅ እንኳ ዓለም አቀፉ መስፈርት ለጣት መለኪያ 15 በመቶ ወዲህና ወዲያ ይፈቅድለታል። 100 ካለ 85ም 115ም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሁለት ሚዛን ይዛችሁ ስትመዝኑ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይዋሻሉ። አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲሰጡ መጠበቅ ትክክል አይደለም። 140 እና 128 ጠብ የላቸውም። 97 እና 61 ግን አላቸው።

ሰውነትም ቢሆን ሁልጊዜ አይናገርም። ስኳር ከያዘው የቆየ ሰው ሲወርድበት የሚሰማው ምልክት እየደበዘዘ ይሄዳል። ባለፈው ኖቬምበር አንድ ሌሊት ስልኩ ጮኸ። 54። እማዬ በቀኝ ጎኗ ነው የተኛችው፣ ሴንሰሩ ላይ አይደለም። ጣቷ 56 አለ። ምንም አልተሰማትም ነበር። ሴንሰሩ ባይኖር ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ስለዚህ ሴንሰሩን የማማ እንዳይመስላችሁ። ያን ሌሊት እናቴን የቀሰቀሰልኝ እሱ ነው።

ከዚያም በላይ ሌላ ውለታ አለው። እማዬ ለዓመታት የምትለካው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። 120፣ 125። ጥሩ ነው። የሦስት ወር አማካይ ስኳርን በመቶኛ የሚገልጸው የደም ምርመራዋ ግን ከፍ ብሎ 8.6 ይወጣ ነበር። ሐኪሟ ግራ ገባት። እማዬ እንደማትዋሽ አውቃለሁ። ሴንሰሩ በተለጠፈ በሁለተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦና ሻይ ከቀረበ ጀምሮ፣ መስመሩ ተራራ ይወጣል። 240፣ 260 ይደርስና እስከ ማታ ይቆያል። በዚያ ሰዓት ጣቷን ወግታ አታውቅም። እያንዳንዷ ነጥብ በ10 በመቶ ብትስት እንኳ ተራራው ተራራ ነው። ቅርጹ አይስትም። የሻዩ ስኳር ቀረ፣ ዳቦው ቀነሰ፣ ሐኪሟ መድኃኒቱን አስተካከለችላት። ቀጥሎ 7.4 ወጣ። እኔ ለአንዲት ቁጥር መጨነቅ የቀነስኩት ያኔ ነው። መስመሩን ማየት ለመድኩ፤ ቀስቱንም።

በ2025 መጨረሻ አካባቢ አንድ ትልቅ አምራች አሜሪካ ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴንሰሮች ሳይወርድ ወርዷል ሊሉ እንደሚችሉ አስታወቀ። በተለያዩ አገሮች ከዚህ ጋር ሊያያዝ የሚችል የ7 ሰው ሞት ሪፖርት እንደደረሰውም ተናገረ። ሳነበው ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ሐሰተኛ መውረድ እንዴት ይገድላል የሚል ሰው አለ። ወርዷል ብሎ በላይ በላዩ የሚበላ፣ ኢንሱሊኑን የሚዘል ሰው ስኳሩ ለቀናት ሰማይ ይነካል። ሳጥኖቻችንን ከመሳቢያ አውጥቼ ቁጥራቸውን አንድ በአንድ አስተያየሁ። የእኛ አልነበሩበትም። ሴንሰሩን ከመንቀል በፊት ሳጥኑን የማይጥሉት ለዚህ ነው። ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አክስቴ ደሴ ናት። የእማዬ ታናሽ። እሷም ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። በየሳምንቱ እሑድ በስልክ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስኳራቸውን ነው። አክስቴ አንድ ቀን «ያን ክንድ ላይ የሚለጠፈውን ላኪልኝ» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት። አንዱ የሚቆየው እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 15 ቀን ነው። በወር ሁለት ሦስት ያስፈልጋል። ሲወልቅ ወይም ሲበላሽ እዚህ ደውለን እናስቀይራለን። እሷ ማን ጋ ትደውላለች? ለአንድ ወር ቀስት አይታ መወሰን ለምዳ በሁለተኛው ወር ቢቋረጥባትስ? ስትሪፕ ለመላክ ወሰንኩ። ልክ መሆኔን እስካሁን ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። እማዬን በኖቬምበር የቀሰቀሳት ነገር አክስቴ ጋ የለም። ብቻዋን ነው የምትተኛው።

ስትሪፑን በሰው እጅ እንልካለን። ክዳኑን ወዲያው ግጠሚ፣ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጪ እላታለሁ። እርጥበትና ሙቀት ስትሪፕ ያበላሻሉ፤ የተበላሸ ስትሪፕ ደግሞ ዝም አይልም፣ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። «ሰምቻለሁ ልጄ፣ አሥር ጊዜ ነገርሽኝ» ትለኛለች። እኔም ለአሥራ አንደኛ ጊዜ እነግራታለሁ።

ባለፈው እሑድ እማዬ ደብተሯን ከፍታ በቪዲዮ አሳየቻት። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አየችው። ከዚያ ተነስታ ሄደች። ስክሪኑ ላይ ግድግዳውና የግድግዳው ሰዓት ብቻ ቀሩ። ተመልሳ ስትመጣ እሷም ደብተር ይዛለች። የልጅ ልጇ አሮጌ የሒሳብ ደብተር ነው። ከኋላ በኩል አገላብጣ ሁለት ዓምድ አስምራለች። ጣት፣ ሰውነቴ። እማዬ ካሳየቻት ቀን በፊት ነው የጀመረችው፤ በስልክ ስትሰማ ቆይታ ነው።

የመጀመሪያው ዓምድ ብዙ ቦታ ባዶ ነው። ስትሪፕ ባለቀባት ቀን ባዶ ትተወዋለች። ሁለተኛው ዓምድ ግን አንድም ቀን አልተዘለለም። «ደህና። ደህና። ላበኝ፣ ስኳር በጥብጬ ጠጣሁ፣ ተወኝ። ደህና።»

«ያ ያላበሽ ቀን ስንት ነበር?» አለቻት እማዬ።

«ምን አውቃለሁ እህቴ።»

የሰፈራችን ልጅ ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ይበራል። ከዚያ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ተገኝቷል። አራት ሳጥን ስትሪፕ ገዝቻለሁ፣ እያንዳንዱ 50 ነው። መውጊያዎቹንም ጨምሬያለሁ። እማዬ ከላይ አንድ አዲስ ደብተር አስቀመጠችበት፤ ሽፋኑ ሰማያዊ።